ከምሳ በኋላ የሚታይ ቴአትር

አንድ በሽታ አለብኝ። ሐኪም አያገኘውም፣ ኢንሹራንስም አይሸፍነውም። መጠየቅ እወዳለሁ። ተሳፋሪ መኪናዬ ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን ሳያስር "ከየት ነህ?" እላለሁ፤ አስሮ ሳይጨርስ "ሥራህስ?" ብዬ አስከትላለሁ። ባለቤቴ "ሌላው በሰርግ ያገባል፣ እኔ ኢንተርቪው አልፌ ነው ያገባሁት" ትላለች። አንዷ ተሳፋሪ መኪና በሚጠሩበት አፕ ላይ "አነዳዱ ጥሩ ነው፤ ግን የአክስቴ የልብ ኦፕሬሽን ስንት ሰዓት እንደፈጀ ማወቅ ለምን እንዳስፈለገው አልገባኝም" ብላ ጽፋብኛለች። ስድስት ሰዓት ነው የፈጀው። ከመውረዷ በፊት ነግራኛለች።

ይኸው በሽታዬ ነው አሜሪካ፣ ክላርክስተን ከተማ ያለውን የሐበሻ ማህበራችንን በሙሉ ሽር ጉድ ያሰኘው፤ አንድ ትልቅ ሰውም የስድስት ዓመት ልፋታቸውን ከእጃቸው ሊያስጥላቸው ለጥቂት ነው የቀረው። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሳንዲ ስፕሪንግስ ከተማ ከሚገኝ ሆቴል በር ላይ አንድ ፊቱ ቀላ ያለ፣ ጃኬቱ የተጨማደደ ሰውዬ ፒክ አፕ አደረግኩ። ስሙ ዶናል ነው። ከየት ነህ አልኩት፤ ከአየርላንድ። ሥራህስ? እዚህ ላይ ነው ነገር የመጣው።

"አገሬ ውስጥ ትንሽ የቴአትር ፌስቲቫል አለን፤ እዚያ ነው የምሠራው። መንግሥት ይደግፈናል" አለኝ።

"የትኛው መሥሪያ ቤት?"

"ኪነ ጥበቡንም፣ ፊልሙንም፣ ቱሪዝሙንም፣ ስፖርቱንም ይዞ የኖረ አንድ ሚኒስቴር አለ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ስሙን ስለሚቀያይሩት ሙሉ ስሙን እኔም አልይዘውም።"

ገጣሚውና የኳስ አሠልጣኙ አንድ ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ ታየኝ። ስብሰባ ሲቀመጡ ማን ቀድሞ ይናገራል? አሠልጣኙ ሲጮህ ገጣሚው ያለቅሳል? ቱሪስቱስ መንገድ ጠፍቶት ሲገባ ለማን ነው የሚሰጡት? ይህን ሁሉ ጠየቅኩት። ሳቀና አንዳንዱን መለሰልኝ፤ የቀረውን ሚኒስትሩም የሚያውቁ አይመስለኝም አለ።

"እሺ፣ ድጋፉ እንዴት ነው?"

"ብዙ ዓይነት ነው። ለምሳሌ አንዳንድ አርቲስቶች በየሳምንቱ የሚከፈላቸው አለ። ከአመልካቾቹ ውስጥ በዕጣ ነው የወጣላቸው።"

"በዕጣ?" ፍሬን ያዝኩ። "እቁብ ነዋ!"

እቁብ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሦስት መብራት ፈጀብኝ። ዶናል ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ ጻፈው። እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።

"ታዲያ ምን ሥሩ ይላቸዋል?"

"ማን?"

"መንግሥት ነዋ!"

"ምንም አይላቸውም።"

"ግጥሙን አያይም? ማን በመጨረሻ እንደሚያሸንፍ አይነግራቸውም?"

"አይነግራቸውም።"

በዚህ ጊዜ መውጫችን አለፈን። ጂፒኤሷ ተናደደች። እኔ ግን አሁን ባልነግራችሁ የማይሆንልኝ ሰው አሉ፤ ጋሽ ዳምጠው።

ጋሽ ዳምጠው ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሳንዲ ስፕሪንግስ አንድ ሆስፒታል የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ በሩ ላይ ባለችው የመስታወት ቤት ተቀምጠው ይሠራሉ። በወጣትነታቸው ናዝሬት በቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ነበሩ። እኛ የምናውቀው የመንግሥት ድጋፍ እንግዲህ ያ ነው፤ መንግሥት ከበሮውንም ይሰጣል፣ ግጥሙንም ይሰጣል፣ ጭብጨባውንም ያዛል። ቡድኑ ውስጥ ከእሳቸው በቀር ቁመት ያለው ሰው ስላልነበረ ለጋሽ ዳምጠው ሁልጊዜ የሚደርሳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ነበር፤ ኢምፔሪያሊዝም። ሆዳቸው ላይ ትራስ ይታሰራል፣ የካርቶን ባርኔጣ ይደፋላቸዋል፣ ደረታቸው ላይ ስማቸው ይጻፋል፤ ከዚያ ላብ አደሩና ገበሬው ተባብረው ይጥሏቸዋል። በየሳምንቱ ወደቁ። ሰው ከመልመዱ የተነሳ ገበያ ሲወጡ ሽንኩርት የሚሸጥላቸው ጠፍቶ ነበር። ኋላ አሜሪካ ኤምባሲ ቀርበው "የቀድሞ ሥራዎ ምን ነበር?" ሲባሉ፣ "እናንተን ነበርኩ" እንዳይሉ ምላሳቸውን ነክሰው መትረፋቸውን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

እኚህ ሰው እዚያች የመስታወት ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት አጭር ቴአትር ጽፈዋል። አንድ ሰው ብቻ የሚሠራት፣ ሩብ ሰዓት የማትሞላ። ማንም አላያትም። ማህበራችን ውስጥ ላሳይ ባሉ ቁጥር ወይ በዓል ይመጣል፣ ወይ ምርጫ፣ ወይ ደግሞ ማይኩ ይበላሻል።

ይህን ሁሉ ለዶናል ነገርኩት። ደብተሩን አጠፈና "እኛ ፌስቲቫል ላይ ከተወለዱበት አገር ርቀው የሚኖሩ ሰዎች የሚያቀርቡበት አንድ ቀን አለን። የባሕር ዳርቻ ትንሽ ከተማ ነው፣ አዳራሹም ትንሽ። ግን በዓይኔ ያላየሁትን አልጋብዝም። ቅዳሜ ማታ ነው የምበረው፤ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ነፃ ነኝ" አለ።

ወዲያው ወደ ጋሽ ዳምጠው በረርኩ። ፓርክ አደረግኩና መስታወቱን አንኳኳሁ።

ሰምተው ሲያበቁ "አየርላንድ እንግሊዝ አጠገብ ያለችው? ኢምፔሪያሊስት ናቸው እንዴ?" አሉኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ እነሱ ራሳቸው ተገዝተው የኖሩ ናቸው!"

"እ! እንግዲያው እንግባባለን።" ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ፊታቸው ላይ ሳያልቅ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ስማኝ አንተ ልጅ። እኔ መድረክ ላይ ሰው ሆኜ አላውቅም። ኢምፔሪያሊዝም ሆኛለሁ። አድሃሪ ሆኛለሁ። አንድ ጊዜ የዋጋ ንረት ሆኛለሁ። ይህቺን ግን ሰው ሆኜ ነው የጻፍኳት። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ፣ ጉልበቴ እምቢ ሳይለኝ ብሠራት ሌላ አልፈልግም።"

"ቅዳሜ ይሠሯታል። በእኔ ይሁንብዎ" አልኳቸው። ጉድ የፈላው እዚህች "በእኔ ይሁንብዎ" ላይ ነው።

ለማህበራችን ሊቀመንበር ለአቶ መኮንን ደወልኩ። እኔ ያልኩት "አንድ የፌስቲቫል ሠራተኛ" ነው፤ በጌታ ስም እምላለሁ። ወይም "ሚኒስቴር" የሚል ቃል ከአፌ አምልጦኝ ይሆናል። ማምሻውን ከክላርክስተን ሱቅ ዳቦ ስገዛ ባለሱቁ "ከአየርላንድ ዳይሬክተር ሊመጣ ነው አሉ" አለኝ። ሐሙስ ዕለት ምክትል ሚኒስትር ሆነ። ዓርብ የማህበሩ ስብሰባ ላይ ስደርስ ሰውዬው ሙሉ ሚኒስትር ሆኖ አገኘሁት፤ የአቀባበል ኮሚቴም ተቋቁሞለታል። ላስተካክል እጄን አወጣሁ። አቶ መኮንን "የኮሚቴው ጸሐፊ አንተ ነህ" ሲሉኝ እጄን አወረድኩ። ሹመት እንዴት እንደሚጣፍጥ ያልተሾመ አያውቀውም።

ፕሮግራሙን እኔ ነኝ የጻፍኩት። አስራ አንድ ተራ ነበረው። የመክፈቻ ንግግር፣ በሊቀመንበሩ። የማህበሩ አመሠራረት፣ በቀድሞው ሊቀመንበር። ሰውዬው ስፖርትንም ይይዛሉ ስለተባለ የአንጋፋዎቹ ኳስ ቡድን ትውውቅ። ቱሪዝምንም ይይዛሉ ስለተባለ የላሊበላ ፎቶግራፎች። አምስተኛው ተራ ላይ "ስለ አየርላንድ አጭር ገለጻ" የሚል አለ፤ እሱን ራሴ ልሰጥ ነው። ጋቢ ማልበስ፣ ምሳ፣ የእንግዳው ንግግር... እያለ ይሄዳል። አስራ አንደኛው ላይ፣ "ከምሳ በኋላ፦ ቴአትር"።

ጋሽ ዳምጠው ወረቀቱን አይተው "መጨረሻ ላይ ነኝ" አሉ።

"ጋሼ፣ ዋናው እኮ መጨረሻ ነው የሚመጣው!" አልኳቸው። አምኜበት ነው ያልኩት።

ቅዳሜ ዶናልን ሻንጣውን ጭኜ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ አዳራሹ አደረስኩት። አዳራሻችን ድሮ የቤት ዕቃ ሱቅ ነበር፤ ግድግዳው ላይ እስከ ዛሬ የሶፋ ማስታወቂያ አለ። ውስጥ ከጋሽ ዳምጠው በቀር ማንም አልነበረም። ቢጫ የሥራ ሰደርያቸውን ለብሰው፣ አንዲት የእንጨት ወንበር መድረኩ መሐል አስቀምጠው ቆመዋል። ዶናል ፊት ለፊት ቁጭ አለ። እግሩን አጣጥፎ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዝግጁ።

ጋሽ ዳምጠው ወደኔ ዞር ብለው በሹክሹክታ "አሁን ላሳየው?" አሉኝ።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ተመልካቹ አለ፣ ተዋናዩ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ጸጥታው አለ። እኔ ምን አልኩ?

"ኧረ ጋሼ! ሊቀመንበሩ ሳይከፍቱት?"

ሊቀመንበሩ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ መጡ። ከረባታቸውን ሲያስተካክሉ፣ ማይኩ ሲፈለግ፣ ማይኩ ሲገኝ፣ ማይኩ ሲጮህ ሌላ አሥር ደቂቃ ሄደ። አቶ መኮንን "ክቡር ሚኒስትር" ብለው ሲጀምሩ ዶናል ማን እንደገባ ለማየት ወደ በሩ ዞረ። የቀድሞው ሊቀመንበር የማህበሩን አመሠራረት ሲተርኩ የአሁኑ ሊቀመንበር ሁለት ጊዜ አስተካከሏቸው። አንጋፋዎቹ በማሊያ ተሰልፈው ገቡ፤ የሁሉም ሆድ ከማሊያው ቀድሞ። አምበሉ ኳሷን ለዶናል ሰጥቶ ፎቶ ተነሱ፤ አንዱ ዓይኑን ጨፍኗል ተብሎ እንደገና ተነሱ።

ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። ሌሊቱን ሙሉ ስልኬ ላይ አንብቤያለሁ። ስለ አየርላንድ ዝናብ፣ ስለ አየርላንድ ድንች፣ ስለ አየርላንድ በጎች ለአየርላንዳዊው ሃያ ደቂቃ ገለጽኩለት። አንዱ ነጥብ ጋ ስደርስ በትሕትና እጁን አውጥቶ "እሱ ስኮትላንድ ነው" አለኝ። አመስግኜው ቀጠልኩ። ከመድረኩ ጥግ ጋሽ ዳምጠው ወንበራቸውን ይዘው ያዩኛል። ሰዓታቸውን አዩ። እኔ ደግሞ እሳቸውን ላለማየት ጣሪያውን አየሁ።

ጋቢው ተለበሰ። ምሳ ቀረበ። ዶናል ለስለስ ባለ ድምፅ "ሥጋ አልበላም" አለ።

ምሳውን ያዘጋጁት እትዬ የሺ ናቸው፤ ከሐሙስ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ቀይ ወጥ፣ ጥብስ፣ ዱለት፣ ጎመን በሥጋ። ተርጉሜ ነገርኳቸው።

"ዶሮውንስ?"

"ዶሮውንም።"

"አሞት ነው?"

"አላመመውም፤ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው።"

"ሁልጊዜ ጾም?" እትዬ የሺ በአክብሮት ተመለከቱት። "መነኩሴ ነው በለኛ!"

ዶናል ዳቦ ይበቃኛል ብሎ ቢለምን ማን ሊሰማው! እትዬ የሺ "እንግዳ እኔ ጋ መጥቶ ደረቅ ዳቦ በልቶ አይወጣም!" ብለው ቁልፋቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ነዱ። አርባ ደቂቃ ቆይተው ምስር፣ ሽሮና ፎሶልያ ይዘው ሲመለሱ ሰውዬው መብላት አለበት፤ ሲበላ መጉረስ አለበት፤ ሲጎርስ ደግሞ አንድ ጉርሻ ብቻ ነውር ነው። አቶ መኮንን ሁለተኛውን ሲጠቀልሉ ዶናል አፉ እንደሞላ ሰዓቱን አሳየኝ። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ወደ ኤርፖርት መውጣት ነበረብን።

ያኔ ነው የደነገጥኩት። መድረኩን አየሁ። ወንበሯ አለች፤ ጋሽ ዳምጠው የሉም። ስድስት ዓመት የጠበቁትን ሰው፣ በእኔ ይሁንብዎ ያልኳቸውን ሰው፣ በድንችና በበግ በላኋቸው። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ዶናል እየተጎተተ፣ ጋቢውን እንደለበሰ፣ እትዬ የሺ በፎይል ጠቅልለው የሰጡትን ሳህን ታቅፎ ኋላ ወንበር ላይ ገባ። የፊቱን በር ስከፍት ግን ከሹፌሩ ወንበር ጎን ሰው ተቀምጧል። ጋሽ ዳምጠው ናቸው። ቢጫ ሰደርያቸውን እንደለበሱ፣ ቀበቷቸውን አስረው።

"እንግዳ አይሸኝም እንዴ? ኤርፖርት ድረስ ልሸኘው" አሉኝ። አላዩኝም።

ቱ ኤይቲ ፋይቭ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ወጣን። ሁለት ማይል ሳንሄድ መንገዱ ተዘጋ። ከጭነት መኪና ላይ ፍራሽ ወድቆ መንገድ መሐል ተጋድሟል ይላል ስልኬ። መኪናው ሁሉ ቆመ። ዶናል ተነፈሰና "ቴአትሩን አለማየቴ በጣም ቆጭቶኛል" አለ። ከልቡ ነው። ተረጎምኩላቸው።

ጋሽ ዳምጠው ቀበቷቸውን ፈቱ። ወንበሩ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ወደ ኋላ ዞሩና የመኪናዬን ቁልፍ ከኩባያ ማስቀመጫው አነሱት። "አንተ ዝም ብለህ ንዳ" አሉኝ። መኪናው እኮ አይሄድም።

ቴአትሩ ይኸውላችሁ። አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ከሆስፒታሉ ወጥቶ መኪናውን ያጣል። ጠባቂው አብሮት ይፈልጋል። ሽማግሌው በእንግሊዝኛ፣ ጠባቂው በአማርኛ ነው የሚናገሩት፤ ሁለቱንም የሚጫወቱት ጋሽ ዳምጠው ናቸው። ሽማግሌው ቁልፉን ወደፊት ይዘረጋል፣ ይጫናል፣ መኪናዋ ትጮህልኝ እንደሆነ ብሎ ያዳምጣል። ችግሩ፣ ቴአትሩ ውስጥ መኪናዋ መልስ መስጠት የለባትም፤ የእኔዋ ግን በተጫኑ ቁጥር በሮቿን ቀጭ ታደርጋለች። ዶናል ከጣሪያው በላይ ሳቀ። ጋሽ ዳምጠው ቁልፉን ወርውረው ባዶ ጣታቸውን መጫን ጀመሩ። አንደኛ ፎቅ የለችም። ሁለተኛ ፎቅ የለችም። ሽማግሌው ይቆጣል፣ ጠባቂውን ሌባ ይለዋል፣ ይቅርታ ይጠይቀዋል፣ ስለ መኪናዋ ቀለም ይጨቃጨቃል። ጠባቂው በአማርኛ ለራሱ ሲያጉረመርም እኔ ልተረጉም አፌን ከፈትኩ። ዶናል ሳያየኝ አንድ ጣቱን አነሳ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዴት እንደሚያም የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

አራተኛ ፎቅ ላይ ሽማግሌው ይቆማል። ጣቱ ተዘርግቶ ይቀራል። ቀስ ብሎ ያወርደዋል።

"መኪና አልያዝኩም" ይላል። "አሁን ትዝ አለኝ። በአምቡላንስ ነው የመጣነው። ከሚስቴ ጋር አብረን ነው የመጣነው።"

ሌላ ነገር የለውም። ጋሽ ዳምጠው እጃቸውን ወንበሩ ጀርባ ላይ አድርገው ቀሩ። አንድ ቃል፣ አንድ እንባ አልጨመሩበትም። እንባውን እኔ ጨመርኩ፤ ከኋላ ያለው ክላክስ ሲያንባርቅብኝ ነው መንገዱ መከፈቱን ያወቅኩት።

እስከ ኤርፖርት ድረስ ማንም አልተናገረም። እኔም ጭምር። እኔን ለሚያውቅ ይህ ተአምር ነው።

ዶናል ሻንጣውን ተቀብሎኝ፣ ፎይሉን በብብቱ ይዞ ወደ ጋሽ ዳምጠው መስኮት ሄደ። "ውሳኔው የእኔ ብቻ አይደለም" አለ። ከዚያ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ይህን እንዲጽፉ ያዘዘዎት ወይ የጠየቀዎት ሰው አለ?"

ጋሽ ዳምጠው ትርጉሜን አልጠበቁም። "ኖ ባዲ" አሉት።

ዶናል ደብተሩን አወጣና ጻፈው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከባሕር ዳርቻዋ ከተማ በኢሜይል ፎርም መጣ። ተጋብዘዋል። አቶ መኮንን የአቀባበሉ ውጤት ነው ብለው ለኮሚቴው የምስጋና ወረቀት አዘጋጁ፤ እኔም ጸሐፊ ስለሆንኩ የራሴን ምስጋና ራሴ ታይፕ አደረግኩ። ፎርሙን የሞላነው ግን እኔና ጋሽ ዳምጠው ነን፤ ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ የመስታወት ቤቷ ውስጥ፣ ስልኬን መሐላችን አድርገን። የቴአትሩ ርዝመት? ሩብ ሰዓት። የተዋንያን ብዛት? አንድ። ሥራውን የመረመረው ወይም የፈቀደው መሥሪያ ቤት? ይህ ጥያቄ ይመጣል ብለን ሁለታችንም ብንጠብቀው ፎርሙ ላይ የለም። ጋሽ ዳምጠው ከላይ እስከ ታች ሁለቴ እንድፈልገው አደረጉኝ።

የመጨረሻው ጥያቄ "ለመድረክ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች" ይላል።

"አንድ የእንጨት ወንበር" አሉ። ጻፍኩ።

አንድ መኪና ገባ፤ ተነስተው ትኬቱን ሰጡት፣ መንገዱን አሳዩት፣ ተመለሱ። የጻፍኩትን በመነጽራቸው ሥር አዩት።

"ከሥሩ ጨምርበት" አሉኝ። "ትራስ አያስፈልግም በል።"

ጻፍኩት። ለምን ብዬም አልጠየቅኩ።